ማስጠንቀቂያ፦ ጥይቱ በሱቅ የማይገኝ ጠመንጃ እንዳታሠሩ

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ እየኖራችሁ በሕጋዊ ፈቃድ ዋላ ለምታድኑና ለሩቅ ርቀት የሚሆን ጠመንጃ በትእዛዝ ለማሠራት ለምታስቡ የአገሬ ልጆች ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ከዴንቨር ወደ ጎንደር የመጣው የእህቴ ልጅ፣ ታቦታቱ ሁሉ ወደየመንበራቸው ገብተው ባለቁበት በጥር 13 ቀን ቤቴ ቡና እየጠጣን ሳለ «ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህና እስቲ ይህን እየው» ብሎ በስልኩ የትእዛዝ ቅጽ አሳየኝ። በቅጹ ላይ የዋጋው ግማሽ አስቀድሞ እንደሚከፈልና በምንም ምክንያት እንደማይመለስ ተጽፏል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ «የጥይት ዓይነት» በሚለው መስመር ላይ የሱቁ ባለቤት ራሱ ፈልስፎ በራሱ ስም የጠራው ጥይት ተሞልቷል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በኮሎራዶ ሳለሁ ከሌላ ሱቅ ልክ እንዲህ ያለ ቅጽ ፈርሜ ስለ ነበር፣ ሁለተኛውን ስኒ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

የነገሩ ውል እንዲህ ነው። ጠመንጃ ሠሪው የታወቀ ጥይት ቀለህ ወስዶ ሆዱን ያሰፋዋል፣ የትከሻውን ማዕዘን ይለውጣል፣ አንገቱን ያጠብበዋል፤ ብዙ ባሩድ የሚይዝ አዲስ ጥይትም ይሆናል። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ዋይልድካት ይሉታል። በ1926 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መሣሪያና የጥይት አምራቾች ማኅበር ለታወቁት ጥይቶች መጠናቸውንና የሚፈቀደውን የግፊት ልክ ስለ ወሰነላቸው፣ ማንኛውም ፋብሪካ የሠራው 308 ዊንቸስተር የተባለ ጥይት ማንኛውም ሰው የሠራው የ308 ጠመንጃ ውስጥ ይገባል። ዋይልድካት ግን ከዚህ ስምምነት ውጭ ነው፤ ልኩን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ነገሩ በራሱ ነውር አይደለም። 25-06 የተባለው ጥይት ሬሚንግተን በ1969 በይፋ ተቀብሎ ማምረት እስኪጀምር ድረስ ለብዙ ዓመታት ዋይልድካት ነበር። ነውሩ ጥይት ራሱ መሙላት ለማያውቅ፣ በዓመት አንድ ዋላ ለሚያድን ሠራተኛ ሰው ይህን «ለአንተ የሚስማማህ» ብሎ መሸጥ ነው።

ለእኔም የተሸጠልኝ በዚሁ ቃል ነበር። ሻጩ ስለ ጥይቱ ሲናገር የአገራችን ቀረርቶ አውራጅ እንኳ ያፍርበታል፤ ነፋስ የማይገፋው፣ ርቀት የማያወርደው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ዋላ የሚጥል ነው አለኝ። ለጠመንጃው 5,600 ዶላር፣ ለመቶ ቀለህና ለመሙያ ቅርጽ ማውጫው ደግሞ ለብቻው ከፈልሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቀለሆቹ ገና ቅርጻቸውን እንዳልያዙ የተነገረኝ። እያንዳንዱ ቀለህ የጠመንጃውን የጥይት ማደሪያ ቅርጽ እንዲይዝ አንድ ጊዜ መተኮስ ነበረበት፤ ስለዚህ ለአደን የሚሆን ጥይት ከመሙላቴ በፊት መቶ ጊዜ ተኮስሁ፣ የበርሜሉንም ዕድሜ በዚያው ልክ በላሁ። በሦስተኛው ሙሌት የቀለሆቹ አንገት መሰንጠቅ ጀመረ። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብቆጥራቸው ከመቶው 31ዱ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተተርትረዋል። አንገቱን በየጊዜው በእሳት ማለስለስ እንደሚያስፈልግ አላወቅሁም ነበር፤ ይህ የእኔ ድንቁርና ነው፤ ነገር ግን ቅጹን ሲያስፈርመኝ ጥይት ሞልቼ አውቅ እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም።

ወደ 700 ጊዜ ያህል ከተኮስሁ በኋላ ጠመንጃው ኢላማውን መበተን ጀመረ። በሌላ ከተማ ያለ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ሠሪ ቀጭን ካሜራ በበርሜሉ ውስጥ ሰድዶ፣ አረሩ ከቀለሁ ተነሥቶ ጠመዝማዛውን መስመር የሚይዝበትን ጉሮሮ በስክሪን አሳየኝ። በሚያዝያ የደንቢያን ዋልካ መሬት ያየ ሰው ያየሁትን ያውቀዋል፤ ብረቱ እንዲሁ በየአቅጣጫው ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ቅርፊት ሆኗል። ብዙ ባሩድ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ሙቀቱና ግፊቱ ጉሮሮውን ይበላዋል፤ የ308 በርሜል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ተኩስ ሲችል እንዲህ ያሉት ከመጠን በላይ ባሩድ የሚበሉ ጥይቶች ሺህ ሳይሞሉ በርሜል ሊጨርሱ ይችላሉ። በርሜሉን ይቀይርልኝ እንደሆነ ሽማግሌውን ብጠይቀው፣ የጥይት ማደሪያውን የሚቦረቡረው መሣሪያ ያለው በመጀመሪያው ሱቅ ብቻ ስለሆነ እንደማይችል ነገረኝ። የመጀመሪያው ሱቅ ደግሞ ዋጋውን ጨምሮ 14 ወር ጠብቅ አለኝ። ልሸጠው ብል ደፍሮ የሚገዛ ጠፋ፤ የተሻለው ተስፋ 1,900 ዶላር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው የማታለያ ቃል፣ ወደ ነፋሱ ልመለስ። 6.5 ክሪድሙር የተባለው፣ ሆርናዲ በ2007 ያወጣው ጥይት፣ 143 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝነውን አረር በሰከንድ 2,700 ጫማ ፍጥነት ይወረውራል። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ይህን አረር በ450 ሜትር ላይ ወደ 36 ሳንቲሜትር ገደማ ይገፋዋል። በዳገትና በሸለቆ መካከል ነፋስን በዓይን መገመት እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ጥሩ አዳኝ እንኳ የነፋሱን ፍጥነት በሰዓት በ5 ማይል ቢሳሳት አያስደንቅም፤ ይህ ስህተት ብቻውን አረሩን 18 ሳንቲሜትር ያህል ያስታል። ከባድ አረር በከፍተኛ ፍጥነት የሚወረውር ትልቅ 7 ሚሊሜትር ማግነም፣ ማለትም ብዙ ባሩድ የሚይዝ ጥይት፣ በዚያው ስህተት ወደ 13 ሳንቲሜትር ይስታል። እንግዲህ በብዙ ሺህ ዶላር የተሸጠልን አምስት ሳንቲሜትር ነው። የዋላ ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ከዳር እስከ ዳር 20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ መካከሉን ያነጣጠረ ሰው ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር በላይ ከሳተ እንስሳዋን አቁስሎ ይሰዳታል። ሁለቱም ጥይቶች እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ነፋስን ማንበብ የሚማረው ደጋግሞ በመተኮስ ነው፤ በርሜሉ እንዳያልቅበት፣ ትከሻውም በርግጫው እንዳይደማ እየሳሳ የሚተኩስ ሰው ደግሞ አይማርም።

ስለዚህ በትእዛዝ የምታሠሩ ከሆነ፣ ገንዘቡን በበርሜሉ፣ በምላጩ፣ ለትከሻችሁ በተለካው ሰደፍና በመነጽሩ ጥራት ላይ አውሉት፤ ጥይቱ ግን ማንም የሚያውቀው ይሁን። ዋላ ብቻ ለሚያድን ሰው የእኔ ምርጫ 6.5 ክሪድሙር ወይም 7 ሚሊሜትር 08 ሬሚንግተን ነው፤ ርግጫቸው ቀላል ነው፣ ዋላንም በሚገባ ይጥላሉ። ኤልክ የተባለውንም ትልቅ እንስሳ ለማደን ያሰበ 30-06ን ወይም ከ1962 ጀምሮ የሚሸጠውን 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም ቢወስድ አይቆጭም። የ1925ቱን 270 ዊንቸስተር የምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፤ የተለመደው በርሜሉ ጠመዝማዛ በ10 ኢንች አንድ ዙር ስለሚዞር፣ ለሩቅ ርቀት የሚመረጡትን ረጃጅም ከባድ አረሮች አያረጋጋም፤ ስታዝዙ የዙሩን ልክ በጽሁፍ ማስፈር አለባችሁ። የኮሎራዶ ሕግ ለዋላ የሚጠይቀው ቢያንስ 24 ካሊበር (የአረሩ ውፍረት ልክ)፣ 70 ግሬን የሚመዝን ተስፋፊ አረርና በ100 ያርድ ላይ 1,000 ጫማ ፓውንድ ጉልበት ነው፤ የጠቀስኋቸው ሁሉ ይህን በብዙ ያልፋሉ።

አባቴ ጠመንጃ ሊሸጥለት የመጣን ሰው፣ ገና መሣሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ «መጀመሪያ ጥይቱን አሳየኝ» ይለው ነበር። ቤታችን ግድግዳ ላይ የአያቴ ውጅግራ ተሰቅሎ ነበር፤ ፈረንሳዮች ፉዚል ግራ የሚሉት፣ በ1874 የወጣ መሣሪያ ነው። ሰደፉ እንደ መስታወት ያበራል፣ ብረቱም ደህና ነው፣ ነገር ግን ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ስላለፈው ሥራው የእንግዳ ዓይን መሳብ ብቻ ነበር። ይህን እያየሁ አድጌ አሜሪካ ድረስ ሄጄ 5,600 ዶላር ከፍዬ ሌላ ውጅግራ መግዛቴ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

አንድ ነገር በመካከል ልጨምር፣ የእህቴ ልጅም ጠይቆኝ ነበርና። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ወደ አገር ቤት ይዞ መምጣት አይታሰብም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን ይከለክላል። ዋላ የምላትም እኛ አጋዘን ከምንለው ጋር አትምታታባችሁ፤ የአጋዘን ቀንድ ዕድሜ ልኩን የሚኖር ሲሆን የዋላ ቀንድ በየዓመቱ ይወድቃል፣ በአገራችንም የለችም። የሰሜን ተራሮች ዋልያ ደግሞ የሚታየው በመነጽር ብቻ ነው።

አስቀድማችሁ ቅድመ ክፍያ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ በርሜሉ ከመቦርቦሩ በፊት ዛሬውኑ ለሱቁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የጥይቱን ዓይነት መለወጥ ይቻላል፤ ብረቱ ከተበሳ በኋላ ግን ነገሩ አበቃ። ለመለወጥ እንቢ ካሏችሁ የጥይት ማደሪያውን ሙሉ የልክ ሥዕል፣ ቀለህ ሌላ ማን እንደሚሸጥና ሱቁ ቢዘጋ የመቦርቦሪያው መሣሪያ ለእናንተ ይሸጥ እንደሆነ በጽሁፍ እንዲመልሱ አድርጉ። ሌላ ሰው የሞላውን ዋይልድካት ጥይት በገንዘብም ሆነ በስጦታ አትቀበሉ፤ ልኩ በማይታወቅ ጥይት ውስጥ ያለ ትርፍ ባሩድ ጠመንጃውን ፊታችሁ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

የእህቴ ልጅ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እዚሁ ቤቴ ተቀምጦ ልኮላቸዋል። ለመጀመሪያው ሥዕሉ የሱቁ ምስጢር ነው ብለው መልሰዋል፤ ስለ ሁለቱ ዝም ብለዋል። እርሱም ቅጹን ሳይፈርም ትቶታል።