ያለ ማኅተም የተሠራ ሜዳሊያ

ባለፈው ወር ጅማ ውስጥ ዋንጫ፣ ሜዳሊያና ማኅተም ከሚሠሩ ቤቶች በአንዱ ያሠራሁት የናስ ሜዳሊያ እጅግ ስላስደሰተኝ፣ የቤቱን አሠራር ከነጉድለቱ ለሌሎች ሯጮች ለማካፈል ወደድሁ።

ሜዳሊያው ከአዌቱ ድልድይ ተነሥቼ የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ድረስ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ወጥቼ ለወረድሁበት ሩጫ ነው። ዳኛም ሆነ ተፎካካሪ አልነበረም። ቀራጩ አስቀድሞ የጠየቀኝ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ እንደሌለኝ ስነግረው አላሰናበተኝም። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ካልቀረበ «አንደኛ» ወይም «ሻምፒዮን» የሚል ቃልና የየትኛውንም ተቋም ዓርማ እንደማይቀርጽ፣ የሮጥሁትን ግን በራሴ ቃል ሊጽፍልኝ እንደሚችል አስረዳኝ።

ይህ ልዩነት ለተራራ ሯጮች እንግዳ አይደለም። ቦብ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1932 በእንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት 42 ተራሮችን ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አዳርሶ ወደ መነሻው ኬስዊክ ከተማ ሲመለስ የሚመዘግበው ክለብ አልነበረም፤ ሩጫውን ሌላ ሰው የደገመው ከ28 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ክለብ የተቋቋመው በ1971 ነው። ዛሬ በክለቡ መዝገብ መስፈር የሚሻ ሯጭ በየተራራው ጫፍ ላይ ምስክር ሊኖረው ይገባል፤ በዌልስ የሚሮጠው ተመሳሳይ የተራራ ሩጫ፣ የፓዲ በክሊ ዙር፣ ግን ምስክር አይጠይቅም። የክለቡን ጥብቅነት አከብራለሁ፤ ስም የሚመዘግብ አካል ቀድመው የሰፈሩትን ስሞች የመጠበቅ ግዴታ አለበትና። እኔ ግን ከማንም መዝገብ ልግባ አላልሁም፤ የሻትሁት አራተኛውን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ እየከዳኝ ያልተመለስሁበትን ያን ምሽት የሚያስታውሰኝ ነገር ነበር፤ ቀራጩም ይህን ያለ ብዙ ማብራሪያ ተረድቶልኛል።

ጽሑፉ «ጅሬን፣ አራት ጊዜ» የሚልና ከሥሩ ቀኑን የያዘ ነው። ፊደሎቹ እኩልና ጥልቅ ናቸው፤ የ«ጅ» ቅጥያ እንኳ አልተድበሰበሰም። ዋጋው 850 ብር ሲሆን ግማሹን ቀብድ ከፍያለሁ። በሁለት ቀን ይደርሳል የተባለው ሥራ መብራት በመጥፋቱ አምስት ቀን ፈጅቷል፤ ሪባኑም ላብ ሲነካው ቀለሙን ስለሚለቅ ከሌላ ሱቅ መግዛት ይሻላል። የሚቀረጸውን ጽሑፍ ደግሞ በወረቀት አጥርታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ናስ ላይ ከሰፈረ በኋላ አይታረምም።