ቡሽ አምብሬ፣ ሮሽፎር 10 ወይስ ካይዘር? ጠንካራ የቤልጂየም ቢራ ለምትገዙ

ከ11 ፐርሰንት ጀምሮ ያለ ቢራ ልትገዙ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ለጊዜው እርሱት። በ11 እና በ12 መካከል ያለውን ልዩነት ምላስ አይለየውም። ምላስ የሚለየው ጣፋጩን ከደረቁ ነው። ጉሮሮ ደግሞ የሚያቃጥለውን ከሚያሞቀው ይለያል። ሦስት የቤልጂየም ቢራዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት በዚህ ሚዛን ነው፦ ቡሽ አምብሬ፣ ሮሽፎር 10 እና ጉደን ካሮሉስ ኪውቬ ፋን ደ ካይዘር። የመጨረሻው ስሙ ስለሚረዝም ካይዘር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከሦስቱ ባርሊ ዋይን የሚባለው ቡሽ ነው። ባርሊ ዋይን መነሻው እንግሊዝ ነው። ብቅሉ ይበዛል፣ ውሃው ያንሳል፣ የብቅሉ ጭማቂ ለረጅም ሰዓት ይፈላል። ተብላልቶ ሲያልቅ አልኮሉ ወይን ጠጅ ላይ ይደርሳል። ሮሽፎርና ካይዘር ብዙ ጊዜ ጠንካራ ጥቁር ቢራ ተብለው ነው የሚሸጡት። ቢሆንም ከባድ ቢራ የሚፈልግ ገዢ ሦስቱን አንድ ላይ ነው የሚያማርጣቸው። ስለዚህ መነጣጠል አልፈለግኩም።

ስለ ጉልበታቸው ግን አንድ ነገር ልበል። ቡሽ 12፣ ሮሽፎር 11.3፣ ካይዘር 11 ፐርሰንት ናቸው። አንድ የ33 ሴንቲ ሊትር ቡሽ ውስጥ ያለው አልኮል እኛ ከለመድነው 5 ፐርሰንት ቢራ ሁለት ተኩል ጠርሙስ ገደማ ነው። በትንሿ የ25 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ ካገኛችሁትም ሁለት ቢራ አካባቢ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል፤ ሞቅታው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መኪና ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ቀን ይሁን።

ቡሽ አምብሬ

የሚጠመቀው በምዕራብ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በኤኖ ክፍለ ሀገር፣ ፒፔ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። የዱቡዊሶን ቤተሰብ የጠመቃ ቤት ከ1769 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያው ነው። አልፍሬድ ዱቡዊሶን ቡሽን ያወጣው በ1933 ነው። ያኔ የእንግሊዝ ቢራዎች በቤልጂየም ተወዳጅ ስለነበሩ የእነሱን ገበያ ለመሻማት ነበር ያሰበው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ጣዕም ዛሬም ይህን ይናገራል።

ቡሽ የተጣራ ቢራ ነው። ብርጭቆውን ወደ መስኮት ብታነሱት መዳብ የመሰለ ቀለም ታያላችሁ፤ ከወዲያ ያለው ጣት ሳይቀር ይታያል። አረፋው ብዙ አይቆይም። ሽታው ካራሜልና የተቆላ ለውዝ ነው፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭም አለበት። አፍ ውስጥ ሲገባ ጣፋጭ ነው። ከዚያ ምሬቱ ይከተላል፣ መጨረሻው ደረቅ ይሆናል። ከጠጅ ለስላሳውን ትቶ ደረቁን የሚያዝ ሰው ቡሽን እንደሚወድ አልጠራጠርም።

ጉድለቱ አልኮሉ መሆኑ ነው፤ አይደበቅም። ከሦስቱ ጉሮሮ ላይ በጣም የሚሰማው እሱ ነው። ዊስኪ ወይም ኮኛክ የለመደ ሰው ይህን እንደ ጥሩ ነገር ያየዋል። ያልለመደ ሰው ደግሞ ግማሹን ጠጥቶ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ለሚሞክር ሰው ቡሽን የማላዝለት።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ቡሽ ብላችሁ ብትጠይቁ አታገኙትም። ስሙ ከግዙፉ የአንሃይዘር ቡሽ ኩባንያ ጋር ስለሚጋጭ እዚያ የሚሸጠው ስካልዲስ ተብሎ ነው። ቢራው ያው ነው። የገና ጊዜው ቡሽ ደ ኖኤልም 12 ፐርሰንት ነው፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል። በእንጨት በርሜል የሚቆየው ቡሽ ፕሬስቲጅ 13 ይደርሳል። በርሜሉ የእንጨትና የቫኒላ ጠረን ይሰጠዋል። ለስጦታ ጥሩ ነው፣ አምብሬውን ሳትቀምሱ ግን ወደ እሱ አትዝለሉ።

ሮሽፎር 10

ይህኛው የመነኮሳት ቢራ ነው። የሚጠመቀው በናሙር ክፍለ ሀገር፣ ሮሽፎር ከተማ አጠገብ ባለው የኖትር ዳም ደ ሴን ሬሚ ገዳም ቅጥር ውስጥ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለችው ባለ ስድስት ጎን ምልክት ለጌጥ የተደረገች አይደለችም። ቢራው በገዳሙ ክልል፣ በመነኮሳቱ ኃላፊነት መጠመቁን ታረጋግጣለች፤ ገቢውም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለበጎ አድራጎት ነው። መነኮሳቱ የምንጫቸውን ውሃ ለመጠበቅ ከድንጋይ ካባ ባለቤቶች ጋር ለዓመታት ፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ለውሃው እንዲህ የሚቆረቆር ጠማቂ ሳይ ቢራውን የምጠጣው በአክብሮት ነው።

ገዳሙ 6፣ 8 እና 10 የሚባሉ ቢራዎች አሉት። ቁጥሮቹ የአልኮል መጠን አይደሉም። 6 ቁጥሩ 7.5 ፐርሰንት፣ 8 ቁጥሩ 9.2 ፐርሰንት ነው። የምንፈልገው ሰማያዊ መለያ ያለውን ባለ 10 ነው።

ሮሽፎር አይጣራም። እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ አለ፣ ሥር ላይ አተላ ይሠራል። ስለዚህ ጠርሙሱን አስቀድማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ስትቀዱ ብርጭቆውን አዘንብሉ፣ ቀስ በሉ፣ በመሀል ጠርሙሱን ወደ ኋላ አትመልሱት። አንድ ጣት ያህል ሲቀር አቁሙ። አተላውን መጠጣት ጉዳት የለውም፤ ጣዕሙን ግን ያደፈርሰዋል።

ቀለሙ ጥቁር ቡናማ፣ አረፋው ቡና በወተት የመሰለ ነው። ከፍሪጅ እንደወጣ ብዙ አይናገርም። ሀያ ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ ዘቢብና ደረቅ በለስ ይመጣል። ከዚያ ቸኮሌት፣ ከዚያ የድምብላል ጠረን፤ ድምብላል በእርግጥም ይገባበታል። ከ11 ፐርሰንት በላይ መሆኑን የሚያስታውሳችሁ ደረታችሁ ላይ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው። እኔ ጥሩ ጠመቃ የምለው ይህን ነው። ብዙ አልኮል ማውጣት ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ከባዱ አልኮሉን ከጣዕሙ ጋር ማዋሃድ ነው።

ካይዘር

ሜኸለን ከተማ ያለው ሄት አንከር ጠማቂ በየዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 24 ይጠምቀዋል። ቀኑ በ1500 የተወለደው የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት የቻርልስ አምስተኛ ልደት ነው፤ ንጉሡ ያደገውም በዚችው ከተማ ነው። ከሦስቱ በጣም ጣፋጩ ካይዘር ነው። ካራሜሉ ወፍራም ነው፣ ቅመሙ ወደ አኒስ ያደላል። ግማሽ ብርጭቆ ድረስ ደስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ እኔን ይሰለቸኛል። ጣፋጭ የሚወድ ሰው ግን አይሰለቸውም። ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ ሰማያዊው ጥቁሩ ቢራ ነው፣ ቀዩ ደግሞ 10 ፐርሰንት የሆነ ነጣ ያለ ሌላ ቢራ ነው።

ለማስቀመጥ ከሆነ ምርጫዬ ካይዘር ነው። የተጠመቀበት ዓመት ስላለው ማወዳደር ይመቻል፤ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ ጣፋጭነቱ ይረጋል። ሮሽፎርም ይቆያል። ቡሽ ስለተጣራ ማስቆየቱ ብዙም አይጨምርለትም፤ ገዝታችሁ ጠጡት።

እንግዲህ የቱን?

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሮሽፎር 10። ኮኛክ ወይም ዊስኪ ለሚወድ አባት ስጦታ ከሆነ ቡሽ። ከእራት በኋላ እንደ ኬክ የሚቀርብ ነገር ከፈለጋችሁ ካይዘር። ሮሽፎር ካጣችሁ ቫቱ መንደር የሚጠመቀውን ሴንት በርናርዱስ አብት 12 ውሰዱ። 10 ፐርሰንት ነው፣ ከእነዚህ ሁሉ ለአፍ ለስላሳው ነው።

ሦስቱንም ከጓደኞች ጋር የምትቀምሱ ከሆነ አንዱን ጠርሙስ ለሦስት ተካፈሉ። በቡሽ ጀምሩ፣ በካይዘር ጨርሱ፤ ጣፋጩ ከቀደመ ደረቁ መራራ ብቻ ይሆናል። ከፍሪጅ ቀድማችሁ አውጡት፣ 12 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ተጠቀሙ። በመሀል ውሃ ጠጡ። ከቀይ ወጥ ጋር አታቅርቡት፤ በርበሬው የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሰዋል። ቆየት ያለ ጠንካራ አይብ ወይም ጥቁር ቸኮሌት ከተገኘ ከሮሽፎር ጋር አድርጉት።