የአይሲን ታይሚንግ ቺንጋ ኪት፦ ከቺንጋው በፊት ኩሽኔታውን እዩ

መኪናዬ ቶዮታ ሰርፍ ነው፤ ሞተሩ ባለ 3.4 ሊትር ቪ6፣ 5ቪዜድ የሚባለው። ታይሚንግ ቺንጋውን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ክራንኩን፣ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ፣ ከካሙ፣ ጋር የሚያያይዘውን ባለ ጥርስ ቀበቶ) በራሴ እጅ ለመቀየር ስነሳ ከመፍታትና ከመግጠሙ በላይ ያስጨነቀኝ ዕቃ መምረጡ ነበር። በመጨረሻ የአይሲንን ሙሉ ኪት ያዝኩ፤ ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ማወጠሪያውና ቺንጋው የሚዞርባቸው ባለ ኩሽኔታ ፑሌጃዎች አብረው ያሉበት ማለት ነው። ገጥሜው እየነዳሁ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ።

ብዙ ሰው ዕቃ ሲመርጥ ዓይኑ ቺንጋው ላይ ነው የሚያርፈው። ጥሩ ቺንጋ ግን በጊዜው እስከተቀየረ ድረስ በራሱ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስጨርሱት ጎረቤቶቹ ናቸው። ግሪሱ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የሚያፈስ የውሃ ፓምፕ፣ ጉልበት ያጣ ማወጠሪያ። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ታይሚንግ ቺንጋው ነው። ፓምፑ ነክሶ አልዞር ካለ ቺንጋውን ይዞት ይጠፋል። አሮጌ ፓምፕ ላይ አዲስ ቺንጋ መግጠም ማለት ያንኑ ራዲያተር፣ ያንኑ ፋን፣ ያንኑ ሽፋን ነገ ድጋሚ መፍታት ማለት ነው። ስለዚህ ቺንጋ ብቻ አትግዙ። ይሄ ላይ ድርድር የለኝም።

አይሲንን የመረጥኩት የቶዮታ ግሩፕ ኩባንያ ስለሆነና የውሃ ፓምፑን ራሱ ስለሚሠራ ነው። ቺንጋውን ራሱ አይሠራውም። እኔ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ቺንጋ ላይ ሚትሱቦሺ የሚል የጃፓን ቺንጋ ሠሪ ስም አለ። ይሄ ለእኔ ነውር ሳይሆን መተማመኛ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ሠሪው ማን እንደሆነ ይናገራል። ሳጥኑ ላይ ትልቅ ስም ተለጥፎበት ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ላይ ምንም ስም ካልተጻፈ ግን ጠርጥሩ።

ከመግዛቴ በፊት ስም የለሽ ርካሽ ኪትም በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ልዩነቱ ፑሌጃው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሃሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ዳሩን ግፉት። የአይሲኑ ከበድ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ትንሽ ዞሮ ይቆማል፤ ውስጡ ግሪስ ሞልቷል ማለት ነው። ርካሹ እንደ እንዝርት እየሾረ ሽሽሽ ይላል። በፍጥነት መሽከርከሩን እንደ ጥራት የሚያዩት አሉ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። አዲስ ኩሽኔታ እንዲህ መሾር የለበትም።

በዘይት የሚሠራው ማወጠሪያም የእኔ ሳጥን ውስጥ አለ። ስትገዙ ይሄን አስረግጣችሁ ጠይቁ፤ "ሙሉ ኪት" ተብሎ ማወጠሪያ የሌለው ይሸጣልና። አሮጌውን መልሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ አቁማችሁ ዘንጉን በሞርሳ ቀስ ብላችሁ ነው የምትጫኑት፣ ቀዳዳው ሲገጥም በ1.27 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ትቆልፉታላችሁ። አዲሱ ተጭኖ፣ መቆለፊያ ፒኑ ገብቶለት ነው የመጣልኝ፤ ቺንጋው ከገባ በኋላ ፒኑን መንቀል ብቻ ነው።

ቺንጋው ላይ ለሁለቱ የካም ፑሌጃዎችና ለክራንኩ መስመር ተሠምሮለታል፣ ቀስትም አለው። ሲገጠም ትልቅ እገዛ ነው። ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር አዙራችሁ ስታዩ ግን መስመሮቹ ቦታቸው ላይ አይገኙም። አትደንግጡ፣ እንደዚያ ነው። በዚያ ሰዓት የምታዩት የፑሌጃዎቹን ምልክት ነው።

ቶዮታ በአሜሪካ ለዚህ ሞተር ያስቀመጠው የቺንጋ መቀየሪያ ጊዜ 90,000 ማይል ነው፤ ወደ 145,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቺንጋው ቢበጠስ እዚህ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስቶን አይጋጩም። "እንግዲያው ምን ቸገረኝ" ለሚል ግን መልሴ አጭር ነው። ሞተር መንገድ ላይ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም እገዛ ያልቃል። የብዙ ሌሎች መኪኖች ሞተር ደግሞ ሲበጠስ ቫልቭ ያጣምማል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሞተራችሁን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ አመሳክሩ፤ የመኪናው ሞዴል ስም ብቻ አይበቃም።

ኪቱ የካምና የክራንክ ዘይት ሲሎችን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽጉትን ጎማዎች) አይጨምርም። ለብቻ ግዟቸው፣ ቴርሞስታቱንም አብራችሁ ያዙ። ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም፤ ሲሎቹ ጋ ለመድረስ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኙም።