ባለ 50 እና ባለ 54 ዲግሪ የቮኪ ዌጆች፦ ረጃጅም አይረኖቼን ያስተዉኝ ዱላዎች

ለዓመታት የጎልፍ ቦርሳዬን የምሞላው በስብስብ የተሸጠልኝን ዱላ ሁሉ፣ ለሩቅ ምት የሚሆኑት ረጃጅም የብረት ዱላዎች፣ ሦስት ቁጥርና አራት ቁጥር አይረን፣ ሳይቀሩ፣ በመደርደር ነበር። ሁለቱን በአንድ ዙር አንዴ ካወጣኋቸው ብዙ ነው፤ ባወጣኋቸውም ጊዜ ኳሱ ከጉልበት በላይ ሳይነሣ ሣሩን እየታከከ ይሄድ ነበር። ባለፈው ዓመት በምትካቸው የታይትሊስት ኩባንያን ቮኪ ኤስኤም10 ዌጆች፣ ማለትም ፊታቸው በጣም ያዘነበለ የአጭር ርቀት ዱላዎችን፣ ገዝቼ አንድ ሙሉ የጨዋታ ወቅት ተጫወትሁባቸው።

ምክንያቴ የዲግሪ፣ ማለትም የዱላው ፊት ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚለካበት፣ ሒሳብ ነው። ርቀት እንዲጨምሩ ሲባል የዛሬ አይረኖች ፊት ከቀድሞዎቹ ይልቅ ቀና ብሎ የቆመ በመሆኑ ከዘጠኝ ቁጥር አይረን ቀጥሎ ያለው ዱላ፣ የኔ ፒቺንግ ዌጅ፣ 43 ዲግሪ ብቻ ነው። ከሱ ቀጥሎ የነበረኝ ባለ 56 ዲግሪ የአሸዋ ዌጅ ስለሆነ፣ በአንዱ 120 ያርድ፣ በሌላው 80 ያርድ እየመታሁ በመካከል ያለው 40 ያርድ ዱላ አልነበረውም። በአንጻሩ ሦስት ቁጥርና አራት ቁጥር አይረኖቼ፣ በኔ አመታት፣ ኳሱን የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነበር። ከግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር፣ ርቆ ድርብ፣ ከግሪኑ አጠገብ ባዶ፤ ምቶቼ የሚባክኑት ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው።

ለውጡን በደንብ ያየሁት ዋሽንግተን በሚገኘው የኢስት ፖቶማክ የጎልፍ ሜዳ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ በመሆኑ ከወንዙ የሚነሣውን ነፋስ የሚመክት ነገር የለም። 100 ያርድ ሲቀረኝ ቀድሞ ፒቺንግ ዌጄን በግማሽ ጉልበት እሰነዝር ነበር፤ ወይ ኳሱ ግሪኑን አልፎ ይሄዳል፣ ወይ እጄ ይፈራና ከኳሱ በፊት አፈሩን እመታለሁ። አሁን በ50 ዲግሪው ሳልሰስት ሙሉ ምት እመታለሁ፤ ኳሱ ከፍ ብሎ ይወርድና አንድ ሁለቴ ነጥሮ ይቆማል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳሳትም ግን የሚሳሳተው በጥቂት ርምጃ ነው።

በሁለተኛው ዌጅ ላይ 54.10 ኤስ የሚል ተቀርጿል። 54 የፊቱ ማዘንበል፣ 10 ደግሞ ባውንስ የሚባለው፣ ማለትም የዱላው ታች አፈር ውስጥ እንዳይሰነቀር የሚያደርገው ዲግሪ ነው፤ ፊደሉ የታችኛውን አሞራረድ ያመለክታል። ሜዳው ላይ ካለ የአሸዋ ወጥመድ ለመውጣትም፣ በግሪኑ ዙሪያ ለአጭር ምትም ይኸው ዱላ ስለበቃኝ የቀድሞውን 56 ዲግሪ ለወዳጄ ሰጠሁት።

የተቆጨሁት በሦስተኛው ነው። የሱቁ ሻጭ «ሦስቱ አብረው ነው የሚሄዱት» ሲለኝ 58.08 ኤም አስጨመርሁ፤ ባውንሱ 8 ብቻ በመሆኑ እንደኔ ከላይ ወደ ታች ለሚቆፍር ሰው በለስላሳ አሸዋ አይመችም። ጥፋቱ የዱላው ሳይሆን የመራጩ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ በ2024 ለገበያ ሲቀርብ አንዱ 189 ዶላር ነበር። ሽፋን የሌለውን ዓይነት የሚገዛ ሰው ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲዝግ የተሠራ መሆኑን ቀድሞ ይወቅ።

ሕጉ ከ14 ዱላ አትለፍ ይላል እንጂ 14 ሙላ አይልም። የዌልሱ ጎልፈኛ ኢያን ዉስናም በ2001 የብሪታንያ ኦፕን ውድድር የመጨረሻ ቀን የመጀመሪያውን ጉድጓድ በሁለት ምት ጨርሶ ሳለ፣ ቦርሳው ውስጥ 15ኛ ዱላ፣ ትርፍ ድራይቨር (ለረጅሙ የመነሻ ምት የሚሆን ዱላ)፣ በመገኘቱ ሁለት ምት ተቀጥቷል። እኔ የምወጣው በ12 ዱላ ነው፦ ድራይቨር፣ አምስት ቁጥር ዉድ፣ ሁለት ሃይብሪድ (የዉድና የአይረን ቅይጥ)፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ቁጥር አይረን፣ ሦስት ዌጅ (58ቱን ትቼ ፒቺንግ ዌጁ፣ 50ውና 54ቱ) እና በግሪኑ ላይ ኳሱን የማንከባልልበት ፓተር። ረጅም አይረን አጥርቶ የሚመታ ተጫዋች የኔን ምርጫ መከተል አይኖርበትም፤ ዌጅ ከመግዛቱ በፊት ግን የፒቺንግ ዌጁን ዲግሪ ያስለካ።