ለሐረጎ ቁልቁለት የቱ ይሻላል? ሁለት ጎማ ከኋላ ወይስ ከፊት

ዕድሜውን በሞተር ብስክሌት ላይ ያሳለፈ ሰው በገዛ እጁ ባለሦስት ጎማ ሞተር ለመሥራት ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚወስነው ሁለቱ ጎማዎች ከኋላ ወይስ ከፊት ይሁኑ የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1973 የተመረተው የሃርሊ ዴቪድሰን ሰርቪ ካር ከኋላ አድርጓቸዋል፤ በ2007 የወጣው ካን አም ስፓይደር ደግሞ ከፊት።

ለሠሪው የኋላው ይቀላል። የሞተሩ መሪና የፊት ጎማ ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ዋናው ሥራ ዲፈረንሻል (ሁለቱ ጎማዎች በኩርባ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ክፍል) ያለው የኋላ አክሰል ማስገባት ነው፤ ባጃጅም በዚሁ አቀማመጥ ስለተሠራ ለኮምቦልቻ መካኒክ እንግዳ አይሆንም። የፊተኛው ግን ሁለት ጎማዎችን በአንድነት የሚያዞር መሪ፣ ለየጎማው ሞላና ፍሬን ይጠይቃል፤ ልኩ ጥቂት ከተዛባም ጎማ ይበላል።

መንገዱን ሳስብ ግን ፍርዴ ይለወጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያደርጋል። ነጂው በኩርባ ላይ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ኩርባው ውጭ ይገፋል፤ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ካለ በዚያ በኩል የሚደግፈው ስለሌለ መገልበጥ ይቀርበዋል፣ ሁለት ካሉ ግን ክብደቱን ይቀበሉታል። (ሁለቱም ዓይነቶች በአብዛኛው እንደ ባለሁለት ጎማው ወደ ኩርባው አይጋደሙም፤ ነባር ነጂ ይህን እንደ አዲስ መልመድ አለበት።)

ዕቃ ለመጫን ለሚፈልግ የኋላውን እመርጥለታለሁ፤ ሐረጎን በየጊዜው ለሚወርድ ግን ድካሙ ቢበዛም የፊተኛውን።