የድሮ ኮሚክ፦ በዶላር ማዘዝ ወይስ በብር መግዛት?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጅማ ሆኖ የድሮ የአሜሪካ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ለሚሰበስብ ሰው ሒሳቡ ተቀይሯል።

ዋጋ

ከውጭ፦ መጽሐፉ 40፣ መላኪያው 15 ዶላር ነው እንበል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 3,135 ብር ነበር፤ በ150 ከታሰበ 8,250 ይሆናል። ሻጩ ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ቀረጥም የሚሰላው መላኪያው ተጨምሮ፣ ወደ ብር ተመንዝሮ ስለሆነ ጭማሪው ሁለቴ ይመታል።

እዚሁ፦ ዋጋው ቁርጥ ነው። ሻጩ ምንዛሪ የማይከታተል ከሆነ ትርፉ የገዢው ነው።

ስጋት

ከውጭ፦ ጨረታ ላይ ጣሪያችሁን በብር ወስኑ፤ እስክትከፍሉ ዶላሩ ሊንር ይችላል። ሲጂሲ የተባለው የኮሚክ ደረጃ ሰጪ ድርጅት ከ0.5 እስከ 10 ባለው መለኪያው ደረጃ የሰጠው ከሆነ የመጽሐፉ ሁኔታ ብዙ አያጠራጥርም።

እዚሁ፦ ዋናው ጣጣ ጉዳት ነው። የጅማ እርጥበት የማያያዣውን ሽቦ ያዝጋል፤ ዝገቱም ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። መሃለኛውን ገጽ ገልጣችሁ ሽቦውን እዩ፣ ገጽ ቁጠሩ፣ አሽትቱ (ሻጋታ አይደበቅም)። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1974 እስከ 1976 የወጣ የማርቨል (የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚ) ዕትም ከሆነ የአንባብያን ደብዳቤ ገጹን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ብዙዎቹ ላይ ተቆርጣ የምትሰበሰብ ቴምብር ነበረች፤ እሷ ከሌለች ዋጋው ክፉኛ ይወድቃል።

ለማን?

ከስብስቡ አንድ የተወሰነ ዕትም ለጎደለውና ውጭ ዘመድ ላለው ማዘዙ ይሻላል፤ ዘመድ በሻንጣው ካመጣው የመላኪያው ወጪ ይቀራል። ለማንበብ ብቻ ለሚፈልግ እዚሁ ይበቃል። ቆይቶ ለመሸጥ ያሰበ ግን በዶላር የሚከፍል ገዢ እንዳለው አስቀድሞ ያረጋግጥ።