የተወለወለ በርሜል ወይስ ጥቀርሻ የያዘ? በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ለመግዛት ለምታስቡ

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሊበሩ (የበርሜሉ የውስጥ ስፋት)፣ ስለ ክብደቱና ስለ መልኩ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ራሱን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። በየተኩሱ በርሜሉን ለመወልወል ትዕግሥቱ አለኝ ወይ? አለኝ ካለ አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ ባሩድና እርሳስ (ከበርሜሉ የሚወጣው ጥይት) ይስማማዋል። የለኝም ካለ ደግሞ ሌላ። ሁለቱም መንገዶች ዒላማ ይመታሉ። የሚያሳስተው አንዱን መርጦ ለሌላው የሚሆነውን ዕቃ መግዛት ነው።

ጥቀርሻው ምን ያደርጋል?

ጥቁር ባሩድ የሚሠራው በግምት ከ75 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከ15 በመቶ ከሰልና ከ10 በመቶ ድኝ ነው። ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላዩ ወደ ጋዝ አይለወጥም፣ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ በዚያ ነጭ ጭስ ውስጥ ተበትኖ ይወጣል። የቀረው በርሜሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ይህ ልጣፍ በርሜሉን ያጠብበዋል። እርሳሱ ሲገባም ሲወጣም የበለጠ ይታሻል። ግፊቱ ይለወጣል፣ ፍጥነቱም አብሮ ይለወጣል፣ የሚመታበት ቦታ ይንሸራተታል። እርሳሱን የሚያቅፈው ጨርቅም ሸካራው ጥቀርሻ ላይ ሲጎተት ሊቀደድ ይችላል። ጨርቁ ከተቀደደ እርሳሱ የበርሜሉን ጥምዝ (ጥይቱን የሚያሽከረክረውን የውስጥ ቦይ) በደንብ አይዝም፣ ጥይቱም ወዳሻው ይሄዳል።

የአየሩ ጠባይም አለበት። በደረቅ አየር ጥቀርሻው ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። እርጥበት ባለበት ቀን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ትናንት አምስት ጊዜ ያለ ችግር የጎረሰ ጠመንጃ ዛሬ ሦስተኛው ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ጠመንጃው ተበላሽቶ አይደለም።

“ንጹህ” ሲባል የትኛው ንጹህ?

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ከመደርደሪያ የወጣ፣ ዘይት የተቀባ በርሜል አንድ ነገር ነው። ዘይቱ ተጠርጎ የደረቀ በርሜል ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ተኩስ በኋላ ቀጭን ጥቀርሻ የያዘው ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱ አንድ ቦታ ላይመቱ ይችላሉ።

ዘይት ያለበት በርሜል ከሁሉም የከፋው ነው። መጀመሪያ የሚተኮሰው ጥይት ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ተነጥሎ ይሄዳል። ከዚያም በላይ ዘይቱ ወደ በርሜሉ ግርጌ ወርዶ ባሩዱን ካረጠበው ጠመንጃው ጭራሽ ላይተኩስ ይችላል። ስለዚህ ባሩድ ከማጉረሳችሁ በፊት አልኮል በነካው ጨርቅ ዘይቱን ጥረጉ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ባለ ካፕ ጠመንጃ (ሲመታ እሳት በሚሰጥ ትንሽ ቆብ የሚተኮስ) ከሆነ ባዶውን አንድ ሁለት ካፕ ተኩሱበት። አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ወደ ሣር አስጠግታችሁ ተኩሱ። ሣሩ ከተወዛወዘ የእሳት መተላለፊያው ክፍት ነው። ካልተወዛወዘ ገና አልጠራም።

ከዚህ በኋላ “ንጹህ” ስል የደረቀውን ማለቴ ነው።

ጎን ለጎን ሲታዩ

በትክክለኛነት እንጀምር። በየተኩሱ ከወለወላችሁ እያንዳንዱ ጥይት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት በርሜል ያገኛል። በጥቁር ባሩድና በጨርቅ በታቀፈ ድብልብል እርሳስ የሚወዳደሩ ሰዎች ሲወለውሉ የምታዩት ለዚህ ነው። ሳይወለውሉ የሚተኩሱት ደግሞ የሚመኩት ጥቀርሻው በየተኩሱ እኩል ስለሚሆን ነው። ጥሩ ቅባት ካለ የሚገባው እርሳስ ያለፈውን ጥቀርሻ እየጠረገ ይወርዳል፣ መጠኑም ሳይጨምር ይቆያል። ይህ ሲሳካ በጣም ያምራል። የማይሳካው ባሩዱ ወይም ቅባቱ ለዚህ ሥራ ያልተመረጠ ሲሆን ነው።

በፍጥነት በኩል ያለመወልወል ያሸንፋል። ብዙ መባል የለበትም።

ደኅንነቱ ላይ ግን ቆም እንበል። የተወለወለ በርሜል ላይ ማጎረሻ ዘንጉን ስትገፉት እርሳሱ በአንድ ዓይነት ጫና ይወርድና ባሩዱ ላይ ሲያርፍ እጃችሁ ያውቀዋል። ጥቀርሻ ሲበዛ መሃል ላይ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ይከብዳል። ከዚያ ባሩዱ ጋ ሳይደርስ፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል። እዚያ ላይ “ይበቃል” ብሎ መተኮስ ትልቅ አደጋ ነው። በእርሳሱና በባሩዱ መካከል ክፍተት ካለ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አድርጉ፤ አንዱ በርሜሉ ባዶ ሲሆን፣ አንዱ በትክክል ሲጎርስ አፈሙዙ ጋ የሚደርስበት። የጎረሰበት ምልክት አፈሙዙ ጋ ካልደረሰ አትተኩሱ።

እርጥብ ጨርቅ ሌላም ጥቅም አለው። በርሜሉ ውስጥ የቀረ ፍም ካለ ያጠፋዋል። ብትወለውሉም ባትወለውሉም ግን ባሩድ ከዕቃው በቀጥታ ወደ በርሜሉ አታፍስሱ። መጀመሪያ መስፈሪያ ላይ፣ ከዚያ ወደ በርሜሉ።

ዝገት ላይ ጥቀርሻው በግልጽ ይሸነፋል። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ለአደን ብላችሁ ጥቀርሻ የያዘውን በርሜል አሳድራችሁ ጠዋት መውጣት ብታስቡ፣ በእርጥብ አየር አንድ ሌሊት ለዝገት ይበቃዋል።

ባሩዱ ግማሹን ይወስንላችኋል

እውነተኛው ጥቁር ባሩድ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ በባልጩት ፍንጣሪ ለሚተኮሰውም ለባለ ካፑም ይሆናል፣ በውኃ ይታጠባል። ጥቀርሻው ግን ብዙ ነው። ለ0.50 ኢንችና ከዚያ በላይ ለሆነ ካሊበር ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ኤፍ፣ ከዚያ ለሚያንሰው ባለ ሦስት ኤፍ ይመረጣል። ኤፍ የባሩዱን ፍሬ መጠን ያሳያል፤ ባለ ሦስት ኤፉ ደቃቅ ነው። ይህን የሚገዛ ሰው መወልወልን አብሮ እንደገዛ ይቁጠረው።

ፓይሮዴክስ በጥቁር ባሩድ ምትክ የተሠራ ነው። ፐርክሎሬት የሚባል ጨው ስላለበት ቅሪቱ ብረት ይበላል። ዛሬ ተኩሳችሁ ነገ አጥባለሁ የሚባልበት ባሩድ አይደለም።

ትሪፕል ሰቨን ድኝ የለበትም፣ ሽታውም ይቀላል፣ በውኃ ብቻ ይለቃል። አንድ ጠባይ ግን አለው። በኃይለኛ ባለ 209 ፕራይመር (ከካፕ የበረታ የባሩድ መለኮሻ) ሲቀጣጠል እርሳሱ የሚያርፍበት አካባቢ ጠንካራ የጥቀርሻ ቀለበት ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛውን እርሳስ የሚያቆመው እሱ ነው። ለዚህ ሲባል በአፈሙዝ ለሚጎርሱ ጠመንጃዎች ብቻ የሚሠሩ ለዘብ ያሉ ባለ 209 ፕራይመሮች ይሸጣሉ። ይህን ባሩድ ከመረጣችሁ እነሱን አብራችሁ ግዙ።

ብላክሆርን 209 ከእነዚህ ይለያል። መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው። ጥቀርሻው ትንሽና ለስላሳ ስለሆነ ተከታታይ ጥይቶችን ሳይወለውሉ መተኮስ ይቻላል። የሚጸዳው በውኃ ሳይሆን በማሟሟያ ነው። ባለ 209 ፕራይመር የግድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለባልጩትና ለተራ ካፕ ጠመንጃ አይሆንም። ሲሰፈርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመስፈሪያ 100 ግሬን (የባሩድ መለኪያ) የሚለው በሚዛን 70 ግሬን አካባቢ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ከልክ በላይ ሊያጎርስ ይችላል። እግረ መንገዴን ልናገር፤ ለዘመናዊ ጠመንጃ የሚሆነውን ጭስ አልባ ባሩድ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ጠመንጃ መጠቀም ሰው ይገድላል።

በርሜሉና እርሳሱ

የበርሜሉ ውስጥ ጥምዝ ስንት ርቀት ላይ አንድ ዙር እንደሚጨርስ ሻጩን ጠይቁ። ለድብልብል እርሳስ ዝግ ያለው ጥምዝ፣ በ66 ኢንች (168 ሳንቲ ሜትር ገደማ) አንድ ዙር የሚዞረው ይስማማል። ለሾጣጣ እርሳስና ሳቦት ለሚባለው የፕላስቲክ ቅርፊት ፈጣኑ፣ በ28 ኢንች (71 ሳንቲ ሜትር ገደማ) የሚዞረው ይመረጣል። በ48 ኢንች የሚዞረው መሃል ሰፋሪ ነው። ለሁለቱም ይሠራል፣ ምርጥ ውጤት ግን ከሁለቱም ላይሰጥ ይችላል።

ከጥቀርሻ ጋር ሲታይ በጨርቅ የታቀፈው እርሳስ ግጥም ብሎ ስለሚገባ ወዲያው ይቸገራል። ሳቦትም እንደዚሁ ጠባብ ነው። ውስጡ ጎድጎድ ያለው ሾጣጣ እርሳስ ግን ከመጀመሪያው ለቆሸሸ በርሜል የታሰበ ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ በ1849 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው እርሳስ ከበርሜሉ ስለሚያንስ በቀላሉ ይወርዳል። ሲተኮስ ጋዙ ጎድጓዳውን ግርጌ ይነፋውና ጥምዙን ይይዛል። ወታደር በውጊያ መሃል ለመወልወል ጊዜ የለውም። የ1853ቱ የእንግሊዝ ኤንፊልድ ጠመንጃም በዚሁ ሐሳብ ነው የሠራው። ዛሬም ሳይወለውሉ በጥቁር ባሩድ መተኮስ ለሚፈልግ ሰው ይህ እርሳስ ከሌሎቹ ይሻላል እላለሁ።

ዜሮ ስታደርጉ

ማነጣጠሪያውን ጥይቱ ከሚመታበት ቦታ ጋር ከማስተካከላችሁ (ዜሮ ከማድረጋችሁ) በፊት ጠመንጃችሁ የትኛውን እንደሚወድ ወረቀት ላይ እዩት። በ25 ሜትር ጀምሩ፣ ወረቀቱን መምታቱን ካረጋገጣችሁ ወደ 50 ሂዱ። ከድጋፍ ላይ ሆናችሁ ሦስት ጥይት በየተኩሱ እየወለወላችሁ ተኩሱ። አዲስ ወረቀት ስቀሉና ሌላ ሦስት ሳትወለውሉ ተኩሱ፣ ዘንጉ ሳይቸገር እስከ ምልክቱ እስከወረደ ድረስ። በሁለቱም ወረቀት እያንዳንዱን ቀዳዳ እንደተመታ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉበት። ቁጥር ያልተጻፈበት ወረቀት ብዙም አይነግራችሁም።

ሳትወለውሉ በተኮሳችሁት ላይ 1 ብቻውን ርቆ 2 እና 3 ከተጠጋጉ ጠመንጃው ቀጭን ጥቀርሻ ይወዳል ማለት ነው። 1 እና 2 ተጠጋግተው 3 ከሸሸና ዘንጉም ከከበዳችሁ መወልወል ይፈልጋል። እየወለወላችሁም የተበተነ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የባሩዱን መጠን፣ የጨርቁን ውፍረት ወይም ዘንጉን የምትጫኑበትን ኃይል ተመልከቱ። በርሜሉ እንዲቀዘቅዝም ጊዜ ስጡት፤ ሙቀትም እንደ ጥቀርሻ ያንሸራትታል።

አወላወሉም እኩል መሆን አለበት። ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ። የሚንጠባጠብ ጨርቅ ጥቀርሻውን አጭቅይቶ ወደ ግርጌ ይገፋና የእሳት መተላለፊያውን ይደፍናል። ቀስ ብሎ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ። ከዚያ አንድ ደረቅ ጨርቅ።

ለአደን ዜሮ ካደረጋችሁ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ጥይት ነው። ጫካ ይዛችሁት የምትገቡት በርሜል ንጹህና ደረቅ ከሆነ ዜሮውም በንጹህና ደረቅ በርሜል ይሁን። ለውድድር ወይም ለልምምድ ከሆነ ተከታታዩን ጥይት ይዛችሁ አስተካክሉ።

እኔ ብጠየቅ

ለታሪካዊ ጠመንጃ ፍቅር ላለው፣ ሥራውን ቀስ ብሎ መሥራት ለሚወድ ሰው፣ ዝግ ያለ ጥምዝ ያለው ባለ ካፕ ጠመንጃ፣ ጥቁር ባሩድና በጨርቅ የታቀፈ እርሳስ። ከመወልወል ጋር። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ በዚህ ዘርፍ አላውቅም።

ዋናው ፍላጎቱ አደን ለሆነና መወልወል ለሚሰለቸው፣ የኋላ መዝጊያው በእጅ የሚፈታ ኢንላይን (መለኮሻው ከበርሜሉ ኋላ በቀጥታ መስመር የሚቀመጥበት ዘመናዊ ጠመንጃ)፣ ባለ 209 ፕራይመር፣ ብላክሆርን 209። ከመግዛታችሁ በፊት የጠመንጃው መመሪያ ይህን ባሩድ መፍቀዱን አንብቡ። መዝጊያው ሲፈታ በርሜሉን ከኋላ ማጽዳት ይቻላል፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የመዝጊያው ጥርስ ላይ ግሪስ ካልቀባችሁ ግን ጥቀርሻው ይቆልፈዋል።

በሁለቱም በኩል በጀታችሁ ውስጥ ለዘንግ ቦታ ተዉ። ከጠመንጃው ጋር የሚመጣው ቀጭን የእንጨት ዘንግ ጥቀርሻ ሲይዘው ሊሰበር ይችላል፣ ስብራቱም እጅ ይወጋል። ለተኩስ ቦታ አንድ ወጥ የብረት ወይም የፋይበር ግላስ ዘንግ ግዙ። አፈሙዙን እንዳይፍቅ መከላከያ ቀለበት ይኑረው፣ ጨርቅ የሚይዘው የነሐስ ጫፉም በካሊበራችሁ ልክ ይሁን።